ዘንቢል ውስጥ የበቀለ ሽንኩርት

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ልጄ ሊያ ቤት ስደርስ በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ሳላንኳኳ ገባሁ። ሊያ ሳሎኑ መሐል በጀርባዋ ተንጋላ፣ ስልኳን ሶፋው ላይ አስደግፋ፣ ከስልኩ ውስጥ የምትጮኽ አንዲት ቀጭን ሴት እንዳዘዘቻት እግሯን ወደ ላይ ታነሣለች። ታነሣለች ማለት እንኳ ያስቸግራል፤ ትጀምረውና መንገድ ላይ ይቀርባታል። ሁለት ዓመት ያለፈው ልጇ ናታን ሆዷ ላይ ተፈናጥጦ ሊጋልባት ይታገላል። ገና አራስ የሆነች ሕፃን ልጇ ደግሞ አጠገቧ ፍራሽ ላይ ሆና ታለቅሳለች። ቀጭኗ ሴትዮ «በርቱ፣ ትንሽ ነው የቀረው!» ትላለች። ለማን ትንሽ እንደቀረው እንጃ።

ሊያ ስታየኝ እግሯን ጣለችው። ከዚያ ፊቷን በክንዷ ሸፍና ማልቀስ ጀመረች።

«እማ፣ ይሄ ሰውነት የኔ አይደለም» አለችኝ። «የማን እንደሆነ አላውቅም። ደረጃ ስወጣ እንደ አሮጊት አለከልካለሁ። ሳስነጥስ ደግሞ...» አቋረጠችው።

«ያመልጥሻል» አልኳት።

ክንዷን ከፊቷ ላይ አንሥታ አየችኝ። እኔ እንዲህ ያለ ነገር አውቃለሁ ብላ አላሰበችም። ልጆች እኛ እነሱን የወለድን ቀን የተፈጠርን ነው የሚመስላቸው፤ ያውም ከነመነጽራችን።

ዘንቢሌን ወለሉ ላይ አስቀምጬ ሕፃኗን አነሣሁ። ዘንቢሉ ውስጥ ቲማቲም፣ ጥቂት ሽንኩርትና ለናታን ያመጣሁለት ሙሸበክ ነበር። ሙሸበክ እኛ ድሬዎች የምንሞትለት፣ ተጠብሶ ስኳር ውስጥ የሚነከር ብርቱካናማ ጣፋጭ ነው፤ ለመቅጠን የሚመከር አይደለም። ሽንኩርቱን ሳየው ግን ሳቄ መጣ፣ ከሳቁ ኋላ እንባዬ ተከተለ። ሊያ በእሷ የምስቅ መስሏት ተቀየመችኝ። ስለ ሽንኩርቱ የዚያን ዕለት አልነገርኳትም። እዚህ ልጻፈው።

መንታዎቹን የወለድኩት ሊያ ሦስት ዓመቷን ልትይዝ ስትል ነው። ያን ጊዜ የምንኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ነበር፤ ግቢው ውስጥ አንድ ትልቅ የኒም ዛፍና አንዳንድ ቀን ብቻ ውሃ የሚመጣበት ቧንቧ ነበረን። ባለቤቴ ግርማ የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሾፌር ስለነበር እንደ እንግዳ ነው የሚመጣው። እናቱ እማማ አስካለ ሊያርሱኝ ከአሰበ ተፈሪ መጥተው እዚያው ቀሩ። ክፉ ሰው አልነበሩም። ይህን አስቀድሜ መናገር እወዳለሁ፣ ምክንያቱም ወደ ኋላ ስማቸው በክፉ የሚነሣ ሊመስል ይችላል።

ልጃገረድ ሳለሁ ሯጭ ነበርኩ። በትምህርት ቤታችን የዱላ ቅብብል ቡድን የመጨረሻውን ዙር የምሮጠው እኔ ነበርኩ፤ ሰፈሩ «ባቡሯ» ይለኝ ነበር። ሊያ መራመድ ከጀመረች በኋላም ማታ ማታ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ በኒሙ ዛፍ ዙሪያ እያባረርኳት እንጫወት ነበር። መንታዎቹን ሳረግዝ ግን ሆዴ ቶሎ ገፋ፣ እግሬ አበጠ፣ ጨዋታውም ሌላውም ነገር ቀረ።

የአራስ ቤቱን ነገር ያለፈችበት ታውቀዋለች። ገንፎ በቅቤ፣ ከገንፎው በኋላ አጥሚት፣ ከአጥሚቱ በኋላ አብሽ። እማማ አስካለ ብርድ እንዳይመታኝ በሩንም መስኮቱንም ዘግተው ወፍራም ጋቢ ይደርቡብኛል። ድሬዳዋ ላይ ብርድ ፈልጎ ማግኘት ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ እኔ ግን ሰኔ ላይ በጋቢ ተጠቅልዬ ላቤን እየጠረግሁ ገንፎ እውጥ ነበር። ጠያቂዎች ሲመጡ «ወፍረሽ እንዴት አማረብሽ!» ይሉኛል። እኔ ደግሞ ከበርጩማ ላይ የምነሣው ግድግዳ ይዤ ነበር። ሆዴ መሐል ለመሐል የተከፈለ ይመስል ጣቴ ይሰምጥበታል። ስስቅ፣ ሳስል፣ ባልዲ ሳነሣ ሽንቴ ያመልጠኛል። ለማንም አልተናገርኩም። ለማን ይነገራል? አንዱ መንታ ሲተኛ ሌላው ይነቃል፤ እኔ ቆሜ የሊያን ትራፊ እበላለሁ፤ ፀጉሬን መቼ እንዳበጠርኩ አላስታውስም። ገና በሃያዎቹ ውስጥ ነበርኩ፣ ግን ሕይወቴ እዚህ ላይ አልቋል ብዬ ከልቤ አምኜ ነበር።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ የሕፃናቱን ጨርቅ እያጠብኩ ነበር። ውሃ የሚያመጣልን ጋሪ ገብቶ ወጥቶ የግቢው በር ሳይዘጋ ቀረ። ሊያ ቀይ ቀሚሷን እንደለበሰች በሩ ላይ ቆማ ወደ እኔ ዞረች።

«እማ፣ ያዥኝ!» አለችና ወጣች።

ባጃጅ ከተማችንን መውረር የጀመረበት ጊዜ ነበር፤ የሰፈራችን መንገድ ደግሞ ቁልቁለት ስለሆነ ባጃጆቹ ሞተር አጥፍተው ድምፅ ሳያሰሙ ነው የሚወርዱት። ተነሥቼ ሮጥኩ። ሮጥኩ ስል፣ ልቤ ሮጠ። ሆዴ ወደ ፊት ጎተተኝ፣ ሙቅ ነገር በጭኔ ሲወርድ ተሰማኝ፣ ከበሩ ወጣ እንዳልኩ በግንባሬ ተደፋሁ። የሰማሁት የፍሬን ድምፅ ነው። አፈር ላይ እንደተደፋሁ ቀና ማለት ፈራሁ፤ ቀና ስል የማየውን ነገር ፈራሁ።

ባለ ባጃጁ ጢሙን ሂና የተቀባ ሽማግሌ ነበር። ሊያን በብብቱ ይዟት መጣ፤ እሷ እየሳቀች ነው።

«ወላሂ ለጥቂት ነው!» አለ። «አንቺ እናትየው፣ ያዣት እንጂ! ምን ሆነሽ ነው?»

ምን እንደሆንኩ ቀሚሴ ይናገር ነበር። አየና ዓይኑን መለሰ፤ ልጄን አጠገቤ አስቀምጦ ሄደ።

ሊያ ግን ከዚህ አመሏ አልተመለሰችም። በር በተከፈተ ቁጥር ትሮጣለች። ብመታት፣ ብለምናት፣ ብቆጣት ያው ናት። እማማ አስካለ «ይቺ ልጅ ሰው ቀልቧን ገፏታል፣ ጠበል ትወሰድ» ይላሉ። አንድ ቀን ከመንታዎቹ አንዱን ለማስከተብ ጤና ጣቢያ ሄጄ ስመለስ፣ ሊያ ወገቧን በመቀነት ታስራ፣ የመቀነቱ ጫፍ የአልጋው እግር ላይ ተቋጥሮ አገኘኋት። መቀነቱ እኔ ከወለድኩ በኋላ ሆዴን ያሠሩበት ነው።

«እኔም ከግርማ አባት ጋር እርሻ ስውል ልጆቼን እንዲህ ነው ያሳደግሁ» አሉኝ እማማ። «ከምትሞት ብትታሰር ይሻላል። አንቺ እንደሆን አትደርሺባት።»

እውነታቸውን ነው። አልደርስባትም። ልጄ ወይ በመቀነት ታስራ ታድጋለች፣ ወይ እኔ እንደገና መሮጥ እችላለሁ። ሦስተኛ መንገድ ፈልጌ አጣሁ።

ግን መቼ? ድሬዳዋ ቀትር ላይ ትተኛለች፤ ይህን የማያውቅ እንግዳ ሁሉ ሱቅ ተዘግቶበት ይበሳጫል። ሱቁ ይዘጋል፣ ወንዶቹ በየቤታቸው ጫት ሊቅሙ በርጫ ይቀመጣሉ፣ ልጆችና አሮጊቶች ይተኛሉ። እማማም መንታዎቹም የሚተኙት ያን ሰዓት ነበር። እኔም ነጠላዬን ተከናንቤ ወጣሁ። የሚያየኝ ሰው አለመኖሩ ደስ አለኝ። ጥላ ሥር የተዘረሩት ውሾች እንኳ ጆሯቸውን አላነሡልኝም። ሌላው አገር «የድሬዳዋ ዛፍ» የሚለው ያ ባለ ቀይ አበባ ዛፍ ሥር እየደረስኩ አርፋለሁ፤ ከዚያ እንደገና እነሣለሁ። አስፋልቱ በጫማዬ ሶል አልፎ ያቃጥለኛል። ማዕዘኑ ድረስ ሄጄ ስመለስ ዓይኔ ይጨልማል፤ ቢሆንም በነጋታው እደግመዋለሁ።

ከእነዚያ ቀናት በአንዱ ስመለስ ዳዊት፣ ትንሹ መንታ፣ እያለቀሰ ጠበቀኝ። ላቤን እንኳ ሳልጠርግ አጠባሁት። ማታ ያስመልሰው ጀመር፣ በማግስቱ ተቅማጡ ባሰበት፣ ዓይኑ ጎደጎደ። ጤና ጣቢያ ይዘነው ሮጥን። ነርሷ ውሃው ነው አለች፤ አፍልታችሁ አጠጡ፣ ይህን ዱቄት በጥብጡለት። እማማ ግን ነጠላዬ ላይ የደረቀውን የላብ ጨው ዓይተው ነበር።

«ፀሐይ የመታው ጡት አጠባሽው» አሉ። «ከፀሐይ የገባች እናት የመጀመሪያውን ወተት ታፈስሳለች፣ ጡቷን በቀዝቃዛ ውሃ ታጥባለች፣ ቁጭ ብላ ትበርዳለች። ይህን ሳታውቂ ነው መንታ የወለድሽው?»

ነርሷ ውሃው ነው አለች፤ እማማ ፀሐዩ ነው አሉ፤ እኔ በልቤ ሁለቱንም አመንኩ። ዳዊት ዳነ። እኔ ግን ከቤት መውጣት ተከለከልኩ፣ ባይከለክሉኝም አልወጣም ነበር።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ጨለማ ናቸው። አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ጓዳ የውሃው በርሜል አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጬ ነበር። መንታዎቹ ያለቅሳሉ። ሊያ በመቀነቷ ታስራ አልጋው ሥር ተቀምጣ ጣቷን ትጠባለች፤ እሷ ማልቀሱን ትታዋለች። ከሁሉም የገደለኝ እሱ ነው፤ መተዋ። መሞት አልተመኘሁም። ተነሥቼ ወጥቼ፣ ማንም «እማ» ብሎ የማይጠራኝ አገር ብደርስ ብዬ ነው የተመኘሁት። ደግሞ ወዲያው፣ የት ትሄጃለሽ፣ በር ሳትደርሺ ትንፋሽሽ ያልቃል አልኩ ለራሴ። ሳቅኩ። ስስቅ አመለጠኝ። ከዚያ አለቀስኩ፤ ድምፅ አውጥቼ፣ ከመንታዎቹ እኩል።

ለቅሶዬን የሰማችው ኢፍቱ ናት። ኢፍቱ በአጥር የምንዋሰናት ጎረቤቴ ስትሆን፣ በሯ ላይ ትንሽ ሱቅ ነበራት፤ ስትስቅ ሰፈሩ ይሰማታል። በጓዳው በር ገብታ እንዳለሁ አየችኝ።

«አቦ፣ የሊያ እናት! ሰው ሞተ እንዴ?»

«መራመድ ነው የምፈልገው» አልኳት። በመጀመሪያ ከአፌ የወጣው እሱ ነው። «መሮጥ። ልጄ ላይ እስክደርስባት ድረስ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«ታዲያ ሂጃ!»

«እንዴት አድርጌ? ለምን እንደምወጣ ምን እላለሁ?»

ኢፍቱ መሬቱ ላይ አጠገቤ ተቀመጠች፤ አንዱን መንታ ተቀበለችኝ።

«ስሚኝ» አለች። «እንዲሁ መንገድ ለመንገድ የምትሄድ ሴት ወይ አብዳለች፣ ወይ ወዳጅ ይዛለች ነው የሚሉት። ዘንቢል ያዢ። ዘንቢል የያዘች ሴት ወዴት እንደምትሄድ ማን ጠይቋት ያውቃል? ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ ቀፊራ ገበያ ደርሼ መጣሁ በይ። የሚበላውን ስትመለሺ ከኔ ሱቅ ትወስጃለሽ።»

ሱቋ ሄዳ አንድ ዘንቢል ይዛ መጣች። ወደ ውስጡ አየችና ተመልሳ ሄዳ አንድ ቀይ ሽንኩርት ጣለችበት። «ባዶ እንዳይሆን። ባዶ ዘንቢል ያሳብቃል።»

በነጋታው ጎሕ ሲቀድ መንታዎቹን አጥብቼ፣ ሽንቴ ቢያመልጠኝ ብዬ ጨርቅ አጥፌ ታጥቄ፣ ዘንቢሌን አንጠልጥዬ ወጣሁ። «ወዴት ነሽ?» ይሉኛል ሴቶቹ። «ቀፊራ።» «እስቲ ቲማቲሙን እይልን!» እሺ እላለሁ። መጋላ ሰፈር ያለው ያ ገበያ ለእኔ በዚያን ጊዜ ከጅቡቲ ይርቅ ነበር። በመጀመሪያ ከሰፈራችን መስጊድ አላለፍኩም፤ ግድግዳውን ተደግፌ እንደ ሰካራም ቆምኩ። ሳልደርስ እመለሳለሁ፣ ከኢፍቱ ሱቅ ቲማቲምና ቃሪያ ይዤ እገባለሁ፣ ሽንኩርቱ ከሥር ይቀራል።

የማይንቀሳቀስ ነገር መግፋት ነበር። የተሻለኝ ሲመስለኝ ጡቴ ተቆጥቶ በትኩሳት እወድቃለሁ፤ ስነሣ እንደገና ከመስጊዱ እጀምራለሁ። ስንት ጊዜ የምለብሰው ጨርቅ ርሶ በነጠላዬ ተሸፋፍኜ በጓሮ መንገድ እንደተመለስኩ! ስንት ጊዜ «ይሄ ለኔ ዓይነት ሰው አይደለም» ብዬ ዘንቢሉን ጥግ ወረወርኩት! ገብቼ ግን ሊያን አያታለሁ፣ መቀነቱን አየዋለሁ፤ ጠዋት ዘንቢሉን አነሣዋለሁ። ግርማ አንድ ጊዜ ከጅቡቲ ሲመጣ «ሚስቴ ገበያ ላይ ነው እንዴ የምታድረው? ወጡ ግን ያው ሹሮ ነው!» ብሎ ቀለደብኝ። አልሳቅኩለትም። ሳቅ ያን ጊዜ ለእኔ አደገኛ ነበር።

እንዲህ እንዲህ እያልኩ ከተማውን ለሁለት የሚከፍለው ደረቅ ወንዝ ድረስ መሄድ ቻልኩ። አሸዋው ላይ ወርጄ፣ እግሬ እስከ ቁርጭምጭሚቴ እየሰመጠ፣ ወዲያ ማዶ ደርሼ እመለሳለሁ። ማንም ልብ አይለኝም፤ ሁሉም ዘንቢል ይዟል።

አንድ ጠዋት ከመንገድ ተመልሼ መንታዎቹን ሳጠባ እማማ አስካለ ዘንቢሉን ወደ ጓዳ ሊወስዱት አነሡት። ውስጡን አዩና እጃቸውን ሰደዱ። ሽንኩርቱን ይዘው አወጡ። ለካ አብቅሏል፤ አረንጓዴ ቅጠሉ የስንዝር ያህል ረዝሟል። በየቀኑ ገበያ የሚሄድ ሽንኩርት! እማማ ሽንኩርቱን አዩት፣ አሸዋ የጠገበውን ጫማዬን አዩት፣ ደግሞ እኔን አዩኝ። ሽንኩርቱን እንደያዙ ወጡ።

በነጋታው ዘንቢሉን ሳነሣ የሆነ ነገር ተንከባለለ። አዲስ፣ ደረቅ ሽንኩርት ነው። የበቀለውን እማማ በዘይት ቆርቆሮ ተክለው መስኮቱ ላይ አስቀምጠውታል። እሳቸው ጎንበስ ብለው የሊያን መቀነት እየፈቱ ነበር።

«እሷንም ይዘሻት ሂጂ» አሉ፣ ቀና ሳይሉ። «ማልቀስ መተዋ አንጀቴን በላኝ። ገበያሽ ፀሐይ ሳይወጣ ይለቅ፣ አደራ።»

ሊያ ከቤት ስትወጣ እጄን ይዛ ሁሉን ታያለች። አሸዋው ላይ ስንወርድ ግን ክፍት ሰፊ ቦታ አየች። ግመሎች በሩቅ ያልፋሉ፤ ማዶ ካለው መንገድ የባጃጅ ድምፅ ይሰማል። እጇን መንጭቃ አስለቀቀችኝ።

«እማ፣ ያዥኝ!»

ዘንቢሉን ጣልኩ። ሮጥኩ። አሸዋው እግሬን ይዞ ይጎትተኛል፣ ሆዴ ይንገጫገጫል፣ ጨርቄ ርሷል፤ ግን አልወደቅሁም። ቀዩ ቀሚስ ወደ ማዶው መንገድ ይርቅብኛል። መጥራት ፈልጌ ትንፋሽ አጣሁ። ያን ጊዜ ሊያ ዞር ብላ አየችኝ። በበሩ በኩል ስትወጣም እንዲህ ዞራ አይታኝ እንደነበር ትዝ አለኝ፤ ሁልጊዜ ትዞራለች። እኔ ተንኮል መስሎኝ ነበር።

መምጣቴን አየች። ቆመች። አልደረስኩባትም፤ እሷ ናት ቆማ የጠበቀችኝ። እጆቿን ዘርግታ፣ ፊቷ በሙሉ በርቶ፣ «እማ፣ መጣሽ!» አለችኝ።

ለካ ልጄ ስትጠራኝ ነው የኖረችው። በኒሙ ዛፍ ዙሪያ የነበረው ጨዋታ እንዳለቀ ማንም አልነገራትም። እናቷ ካልተነሣችላት ትንሽ ራቅ ብላ ትሞክራለች፤ አሁንም ካልመጣች ደግሞ ትንሽ ራቅ። አሸዋው ላይ ተንበርክኬ አቅፌያት አለቀስኩ። እሷ ከእቅፌ ወጥታ ሮጠችና የተንከባለለውን ሽንኩርት አምጥታ በእጄ አስያዘችኝ።

የቀድሞዋ ባቡር ተመልሳ አልመጣችም። ዛሬም ሳስነጥስ እግሬን አጣምሬ ነው። ከሰውነቴ የጎደለውን ሁሉ አላስመለስኩም፤ መልሼ ያገኘሁት ከአንድ ወንዝ ዳር ወደ ሌላው የሚያደርሰኝን ያህል ብቻ ነው። እማማ አስካለ አርፈዋል፤ ነፍሳቸውን ይማር። መቀነቱን እስከ መጨረሻው ቀን ሲታጠቁት ነበር፤ ልጅ ላይ ግን ዳግመኛ አላሰሩትም።

ያን ቅዳሜ ሊያ ቤት ቲማቲሙንና ሙሸበኩን ከዘንቢሉ አወጣሁ፣ አንድ ሽንኩርት ብቻ ተውኩበት፣ ለሊያ አቀበልኳት።

«ያዢና ሂጂ። ናታንንም ውሰጂው።»

«ምን ልግዛ?»

«ምንም።»

እንዳበደ ሰው አየችኝ። የስልኳ ሴትዮ አሁንም ትጮኻለች፤ አጠፋኋት። ሊያ ፊቷን ታጥባ፣ ጫማዋን አጥልቃ፣ ዘንቢሉን ይዛ ወጣች። እኔ ሕፃኗን አቅፌ በሩ ላይ ቆምኩ። ገና ማዕዘኑ ሳይደርሱ ናታን እጇን አስለቅቆ ፈረጠጠ።

«ናታን! ቁም! ነግሬሃለሁ!» ብላ ጮኸች፣ ባለችበት ቆማ።

«አትጩሂበት» አልኳት ከበሩ ላይ። «ተከተይው!»

ሊያ ያን የልጅነት ቀይ ቀሚሷን አታስታውሰውም። ዘንቢሉን ወደ ትከሻዋ ወርወር አድርጋ፣ ከባድ ሰውነቷን ይዛ መሮጥ ጀመረች፤ አንድ ጫማዋ ከኋላ ቀረ። ትንሹ ልጅ ዞር ብሎ አየ።

እናቱ እየመጣች ነበር። ቆሞ ጠበቃት።